በብብት የሞቀ ዘይት

ፍኖተ ሰላም በሚገኘው ግቢያችን፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር፣ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆሟል። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፤ አባቴንም ይበልጠው ነበር። መንገድ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ሥራዬ ቡሬ ስለሆነ፣ እሑድ ሲመቸኝ እመጣና ጋቢናው ውስጥ ያለውን የሞተር ክዳን አንሥቼ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እስባለሁ፤ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ እነክረዋለሁ፤ ሳወጣው ከጫፉ ላይ ያለችውን ጠብታ ነጭ አቡጀዲ ላይ ጠብ አደርጋታለሁ። ከዚያ አስነሥቼ እስከ ማንኩሳ ነድቼው እመለሳለሁ። ጎረቤቶቼ ስቀው አይጠግቡም። «ሰብሊ፣ ይኸን ሽማግሌ ስትጦሪ ሳታገቢ ቀረሽ እኮ! ሽጠሽ ባጃጅ ግዢበት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዘይቱን ሳላይ ብመለስ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም አላገኝም። ጠብታዋ አቡጀዲው ላይ ቀስ እያለች ስትሰፋ ባየሁ ቁጥር ደግሞ ያ ክረምት ተመልሶ ይመጣብኛል።

ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከአባቴ ተፋትታ መራዊ ሌላ ትዳር ስለያዘች፣ የማድገው በአባቴ እናት በወይዘሮ አቻምየለሽ ቤት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «እምዬ» ነው የሚላቸው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ላቀውና ሚስቱ እትዬ ያምሮትም እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ጋሼ ላቀው ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሲንቀጫቀጭ ይውላል። እጁ ላይ ሁልጊዜ ክር አይጠፋም።

መኪናውን የገዙት ሟቹ አያቴ ናቸው። እምዬ ከባላቸው ጋር እዚያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው፣ በቆሎና ጤፍ እየሸመቱ፣ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ነው የኖሩት። ባላቸው ሲነዱ ውለው ሲደክሙ ውሃውንና ዘይቱን የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። ኋላ እምዬን የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። እግራቸው አብጦ መሬት መርገጥ ተሳናቸው፤ ዘይት ማየቱን ግን አልተዉም።

አባቴ ደጀኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቡሬ ላይ የሰው መኪና ይነዳ ነበር። ቅዳሜ ማታ ይመጣል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኤንትሬውን አስነሥቶ እኔን አጠገቡ ያስቀምጥና እስከ ማንኩሳ ይነዳዋል። ጭነት የለንም፤ የሚገዛም የሚሸጥም የለም። «መኪና ቆሞ ብቻ ከተነሣ ይታመማል። ደህና አድርጎ መሞቅ አለበት፤ ሲሞቅ ነው ሆዱ ውስጥ ያለው እርጥበት የሚወጣለት» ይለኝ ነበር። እኔም መኪናው እንደ ሰው ብርድ የሚመታው ይመስለኝ ነበር።

ስንመለስ ሞተሩን ያጠፋና ከጋሼ ላቀው የስፌት ቁርጥራጭ አንዲት አቡጀዲ አንሥቶ ከመለኪያው ጫፍ ጠብ ያደርግባታል። «በይ ሩጪ ሳይቀዘቅዝ!» ይለኛል። ጨርቋን በመዳፌ ይዤ ወደ እምዬ ክፍል እሮጣለሁ። ትሞቃለች። እንደ ትኩስ ዳቦ ነበር የምትሞቀኝ። እምዬ ይቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያደርጓታል፤ ዘይቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሻሉ፤ ያሸትታሉ።

«ጥቁር ነው። ዳሩም እኩል ሰፍቷል። የሠራ ዘይት ነው» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ደጅ «ደጀኔ! እድሜ ይስጥህ!» ሲሉ፣ አባቴ እጁን እየታጠበ «አሜን እምዬ!» ይላል። የእሑድ ምሳ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን ጋሼ ላቀው ስፌቱን ጥሎ ወደ ቡሬ ሄደ። ሲሄድ ለማንም ደህና ሁኑ አላለም። ቀናት ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ጺሙ አድጎ ነበር። «ጉንፋን ነው፤ እንዳይዝሽ ራቅ በይ» አለኝ። አመንኩትና ራቅሁለት። እትዬ ያምሮት በዚያው ሰሞን አዲስ ጥቁር ሻርፕ ገዛች። ከቤት ስትወጣ ግን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣና ጎረቤታችን እቴ ቻይነሽ በር ላይ ስትደርስ በጥቁሩ ትቀይራለች፤ ስትመለስም እዚያው አውልቃ በነጩ ትገባለች። አዲሱ ልብስ ቤታችን ውስጥ ጭስ እንዳይበላው እየሳሳችለት መስሎኝ፣ እንዴት ያለች ቋጣሪ ናት እያልኩ በሆዴ ታዘብኳት።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድንገት ወደደኝ። ባለሱቁ ከረሜላ ይሰጠኛል፤ ሴቶች መንገድ ላይ አቁመው ፀጉሬን ይዳብሱና «አይ ልጄ፣ አይ» ብለው ይሄዳሉ። በእምዬ ሕመም ምክንያት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ለነገሩ ከረሜላው አልከፋኝም።

ጋሼ ላቀው በተመለሰበት ሳምንት ቅዳሜ አባቴ ሳይመጣ ቀረ። በማግስቱ ጋሼ ላቀው መኪናው ጀርባ ወሰደኝና ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሰብሊዬ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ። ምሥጢር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«አባትሽ ጅቡቲ ሄዷል። ከወደቡ ዕቃ ሊጭን። እዚያ ወረፋው ወር ከወር ነው፤ ስልክም አይሠራም። እምዬ ያን ያህል ራቀ ብትሰማ ልቧ አይችልም። ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካት ብሏል፤ ከደነገጠች ትሞትብናለች። ስለዚህ ለእምዬ በየሳምንቱ ይመጣል ነው የምንላት። መኪናውን እኔ አስነሣዋለሁ። አንቺ ዘይቱን እንደ ወትሮው ትወስጂላታለሽ፤ አባዬ ላከኝ ትያታለሽ። ገባሽ?»

ደረቴ ተነፋ። ከልጆች መካከል ባሕር ያለበት አገር የሄደ አባት ያለው ማን አለ? ለእምዬ ሕይወት ጠባቂ የተደረግሁትስ እኔ አይደለሁ? ለጓደኞቼ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

አባቴ ግን ያን ጊዜ ከመሬት በታች ነበር። በነቀምት መንገድ፣ ወደ አባይ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ዝናብ ባለበት ማለዳ የሚነዳው መኪና ተገልብጦ ሞተ፤ ቡሬ ባሉት ዘመዶቻችን ደብር ተቀበረ። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፤ ክረምቱ ወጥቶ እስኪሻላት ይቆይ ተባለ። ልጅ ደግሞ አፏን አትይዝም ተብሎ ለእኔም አልተነገረም። እንዲያው ነገሩን ሳስበው ጋሼ ላቀውን አልቀየመውም፤ ወንድሙን ቀብሮ መጥቶ እናቱን ለማትረፍ የተሯሯጠ ሰው ነው።

በዚያው እሑድ የሞተሩ ድምፅ ግቢውን አናወጠው። ጋሼ ላቀው መኪና ማስነሣት እንጂ መንዳት አይችልም። ጥቂት አስጓርቶት አጠፋው፤ መለኪያውንም እንደነገሩ ስቦ አቡጀዲው ላይ ጠብ አደረገልኝ። ሮጬ ገባሁ።

«እምዬ፣ አባዬ መጥቶ ነበር! እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት ነው፤ ስሞዎት ተመለሰ። መኪና ይጠብቀዋል።»

እምዬ ጨርቋን ተቀበሉኝ። ጣታቸው እንደነካት ቆመ።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ጋሼ ላቀው ከደጃፉ ሆኖ ቀልጠፍ ብሎ መለሰ። «ጭቃ ነው እምዬ። ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ እንዳይቀረቀርብኝ ብሎ እዚሁ አስነሥቶ አጠፋው።»

«እንዲያ አለ ደጀኔ?»

«አዎ፣ እንዲያ አለ።»

እምዬ ጨርቋን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር አደረጉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወደ ደጅም አልተጣሩም፤ እድሜ ይስጥህም አላሉም። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀዘቀዘ ዘይት እምዬን ያስከፋል። ለዚህ ደግሞ መላ አላጣሁም። ከዚያ ወዲያ ጨርቋን ከጋሼ ላቀው ስቀበል አጣጥፌ ቀሚሴ ሥር፣ ብብቴ ውስጥ እከታታለሁ፤ መኪናው ጀርባ ተደብቄ ክንዴን ግጥም አድርጌ እቆማለሁ፤ ሞቅ ስትል አወጣትና እሮጣለሁ። ቀሚሶቼ ሁሉ ብብታቸው ዘይት ጠጣ። እትዬ ያምሮት እያጠበች «ይች ልጅ የት ነው የምትንከባለለው?» ትላለች። ከመገሠጽ ግን አላለፈችም።

እምዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞቀውን ጨርቅ ሲቀበሉኝ ጨርቋን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ክንዴንም አዩ።

«ሞቃለች አይደል፣ እምዬ?»

«ሞቃለች፣ እመቤቴ። በጣም ሞቃለች» አሉኝ። «አባትሽ ሲሰጥሽ ምን አለሽ?»

«እምዬን ሳሚልኝ አለኝ» አልኩና ጉንጫቸውን ሳምኩ። ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር። ዘይቱ በዚያ ሰሞን ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ስለነበር ዓይናቸውን ያቃጠላቸው መሰለኝ።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ዘይቱ መልኩን ለወጠ። ጥቁረቱ ደበዘዘ፤ አመድማ ሆነ፤ ኋላም ወተት የገባበት ሻይ መሰለ። የመለኪያው ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ይዞ ይወጣል። አቡጀዲው ላይ ሲያርፍ እንደ ድሮው በእኩል አይሰፋም፤ ዳሩ ይሸራረፋል፣ ዙሪያውን ውሃ ይተፋል። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ጥቁር ነገር ሲነጣ እየዳነ ይመስለኝ ነበር፤ አባቴ ሲመለስ መኪናውን ንጹሕ ሆኖ ሊያገኘው ነው። ጋሼ ላቀውም ቢሆን ከእኔ የተሻለ አላወቀም። ድምፁ ከተሰማ መኪናው ደህና ነው ብሎ ነው የሚያስበው። አሁን እኔ መኪና ይዤ አውቀዋለሁ፤ ሳይሞቅ እየተነሣ የሚጠፋ ሞተር በየጊዜው ሆዱ ውስጥ ላብ ያጠራቅማል፤ ላቡ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በሕይወት አለ ለማለት ያስነሣነው መኪና በእጃችን እየሞተ ነበር።

እምዬ ግን ስለ ንጣቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። አንድ ቀን ብቻ ጋሼ ላቀውን አስጠርተው፦

«ደጀኔን ንገርልኝ» አሉት። «ሲያስነሣው ቶሎ አያጥፋው። ቆየት ያድርገው። ድምፁን ስሰማው ደስ ይለኛል።»

ጋሼ ላቀው ወጥቶ እትዬ ያምሮትን ክንዷን ያዘ። «አምናለች! ተመስገን፣ አምናለች» አላት። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

በሚቀጥለው እሑድ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያጓራ፣ ዝናቡ አስመርሮኝ ወደ እምዬ ክፍል ገባሁ። የመኪናው ድምፅ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። እምዬ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። አፋቸው ተከፍቷል፤ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይመታሉ፤ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይላሉ። ድምፃቸው ግን አይሰማኝም። ሞተሩ ውጦታል። እሑድ ቅዳሴ ስለቀረባቸው እዚሁ እየዘመሩ መስሎኝ፣ እንዳልረብሻቸው በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው። ዛሬ ያን በር ባልዘጋሁት፣ ሄጄ በተጠመጠምሁባቸው እላለሁ። ልጃቸውን የሚያለቅሱበት ሌላ ሰዓት አልነበራቸውም።

ጥቅምት ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በእግር ኮቴ ነቃሁ። ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥር ሥር ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እትዬ ያምሮት መካከላቸው ናት፤ ያን ጥቁር ሻርፕ እዚሁ ቤታችን ውስጥ ለብሳዋለች። እምዬ ሞቱ ማለት ነው አልኩ። ምሥጢሩ አመለጠ፤ አንድ ሰው ስለ ጅቡቲ ነገራቸውና ልባቸው ቆመ!

በሰው እግር መካከል ሾልኬ ገባሁ። እምዬ አልሞቱም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ያበጠ እግራቸው መሬት ረግጧል፤ ራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ማን እንደሰጣቸው እስካሁን አላውቅም። የንስሐ አባታችን ቄስ ገደፋው መስቀላቸውን ይዘው ፊታቸው ቆመዋል። ጋሼ ላቀው ምሰሶውን ተደግፎ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ መሬት መሬት ያያል።

«እመት አቻምየለሽ» አሉ ቄስ ገደፋው። «እንግዲህ የሰጠም እሱ፣ የነሣም እሱ ነው። ይበርቱ…»

እምዬ እጃቸውን አነሡ። «ይቆዩ አባቴ። አይድከሙ።» ከትራሳቸው ሥር ሁለት የአቡጀዲ ቁራጭ አወጡና ጭናቸው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። አንዱ ላይ ዳሩ ክብ ሆኖ የሰፋ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሌላው ላይ አመድማ፣ ዳሩ የተበላ።

«ላቀው፣ ና እይ። ይኸ የልጄ ነው፤ በሰኔ የላከልኝ። ይኸ ደግሞ የአንተ ነው። ደጀኔ በሕይወት እያለ ሞተር ሳያሞቅ አያጠፋም። ጭቃ ቢሆን ይቆፍራል፤ ድንጋይ ቢሆን ይፈነቅላል። ከመጀመሪያው እሑድ አውቄዋለሁ።»

ጋሼ ላቀው ተንበረከከ። «እምዬ… ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? እኔ ብጮኽ ይች ልጅ ትሰማለች። ለእኔ ብላችሁ ደበቃችሁ፤ እኔም ለእሷ ብዬ ያዝሁት። ጨርቁን በብብቷ እያሞቀች ነበር የምታመጣልኝ። በብብቷ!» ጨርቁን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «እኔን ለማርዳት ከሆነ የመጣችሁት አርፍዳችኋል። እዚህ ቤት መርዶ ያልሰማች አንዲት ነፍስ ናት።»

ደጅ የቆሙት ሴቶች ሰምተው ኖሮ ለቅሶው ፈነዳ። ልባቸው አይችልም የተባሉት እምዬ እንባቸውን እየዋጡ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ፋሲካ ቆመው ተሻግረዋል። እኔ ግን የሚሆነው ሁሉ ግራ ገባኝ። የሰማሁት ቄሱ እምዬን ሲያረዷቸው ነው። ተሳስተዋል! እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሼ ላቀው ትንፍሽ እንዳትይ ብሎኛል። እምዬ በሐሰት መርዶ ከሚሞቱብኝ ግን ምሥጢሩ ይውጣ አልኩ።

ሮጬ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «እምዬ፣ አያልቅሱ! ውሸት ነው! አባዬ ጅቡቲ ነው። ከወደብ ዕቃ ሊጭን ነው የሄደው። ወረፋ ይዞ ነው! ጋሼ ላቀው ያውቃል፣ ይጠይቁት! ጋሼ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ጋሼ ላቀው ፊቱን ምሰሶው ላይ ደፋ። ቄስ ገደፋው መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ደጅ ያለው ለቅሶ ሳይቀር ጸጥ አለ።

«ንገራቸው እንጂ!» አልኩ ደግሜ።

እምዬ ሁለቱን ጨርቆች ከጭናቸው ላይ ገፍተው ቦታ አበጁልኝ። በብብቴ ያዙና አነሡኝ፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በነጠላቸው ጠቀለሉኝ። ጣታቸው ዘይት ዘይት ይሸታል። «ነይ፣ ሰብሊዬ። ነይ እዚህ» አሉኝ። ያን ሁሉ ሰው ያስመጣው መርዶ የእኔም እንደሆነ ያን ጊዜም አልገባኝም፤ እሳቸውን እያባበልኩ ነበር።